ውጭ አገር ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት፦ ከቅጣቱ በኋላ የሚመጣው ዕዳ

ለእረፍትም ሆነ ለሥራ ውጭ አገር የሄደ ሰው ሞተር ለመከራየት ብዙ አይቸገርም። ቱሪስት የሚበዛበት ከተማ ከሆነ ስኩተሮች በየመንገዱ ዳር ተደርድረው ይጠብቁታል። አከራዩ ፓስፖርት ያያል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ቁልፍ ይሰጣል። አለቀ። የመንጃ ፈቃድ ነገር ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ተከራዩ ታዲያ «ካልጠየቁኝ እዚህ አገር ፈቃድ አያስፈልግም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አከራዩ ነጋዴ ነው። ፈቃድ ሳይጠይቅ ማከራየቱ እሱን ሊያስቀጣው ይችል ይሆናል፤ እናንተን ግን ከተጠያቂነት አያወጣችሁም። ሞተሩ ከሱቁ በር ከወጣ በኋላ ሕግ የሚያውቀው መሪውን የያዘውን ሰው ነው።

ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚለካው በቅጣቱ ነው። «ቢይዙኝ ከፍዬ እሄዳለሁ» ይላል። ቅጣቱ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። ትልቁ ጣጣ የሚመጣው አደጋ የደረሰ ቀን ነው። የሕክምናው ወጪ፣ ለተጎዳ ሰው የሚከፈለው ካሳ፣ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ፣ ወደ አገር መመለሱ ሳይቀር በአንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃሉ። ነጂው ያን ሞተር፣ በዚያ አገር፣ በዚያ ቀን ለመንዳት የጸና ፈቃድ ነበረው ወይ? መልሱ «አልነበረውም» ከሆነ የተቀረው ሁሉ ተያይዞ ይናዳል።

የጸና ፈቃድ የሚባለው የትኛው ነው?

ኪስ ውስጥ መንጃ ፈቃድ መኖሩ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ የሚታየው ምድቡ ነው። በብዙ አገሮች የሞተር ሳይክል ምድብ «ኤ»፣ የመኪና ደግሞ «ቢ» ይባላል። ዕድሜ ልኩን መኪና የነዳ ሰው የ«ኤ» ምድብ ከሌለው፣ ሞተር ላይ ሲወጣ ምንም ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ፈቃዱን ለትራፊክ ፖሊሱ በልበ ሙሉነት ያሳያል፤ ፖሊሱ ገልበጥ አድርጎ ምድቡን ያይና ይመልስለታል።

ምድብ «ኤ» ራሱ በብዙ ቦታ ይከፋፈላል። በአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2013 ጀምሮ አራት ደረጃዎች አሉ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው እስከ 50 ሲሲ (ሲሲ የኢንጂን መጠን መለኪያ ነው) ለሚደርሱና በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ለማይሄዱ ትንንሽ ሞተሮች ነው። ቀጥሎ እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎዋት ያለው ይመጣል። ሦስተኛው እስከ 35 ኪሎዋት ጉልበት ያላቸውን ይሸፍናል። የመጨረሻው ገደብ የለውም። የ125 ሲሲ ፈቃድ ያለው ሰው 500 ሲሲ ቢከራይ፣ እሱም ከምድቡ ውጭ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። አንዳንድ አገሮች በመኪና ፈቃድ ትንሽ ሞተር መንዳትን ይፈቅዳሉ። ስፔን አንዷ ናት፤ የመኪና ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 125 ሲሲ መንዳት ይችላል። ጣሊያንም ተመሳሳይ መብት ትሰጣለች። ይህ መብት ግን የሚሠራው በዚያው አገር ድንበር ውስጥ ብቻ ነው። በመኪና ፈቃዱ ሮም ውስጥ 125 ሲሲ ሲነዳ የኖረ ጣሊያናዊ ያንኑ ሞተር ይዞ ጀርመን ቢገባ፣ ፈቃድ የሌለው ነጂ ይሆናል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ መንዳት የደንብ መተላለፍ ብቻ አይደለም። እስከ 1 ዓመት እስራት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። አገር ቤት የለመድነው ነገር ድንበር ሲሻገር ዋጋ ሊያጣ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የተማሪ ፈቃድም እንዲሁ ነው። የብሪታንያን ጊዜያዊ ፈቃድና የአንድ ቀን የሞተር ሥልጠና የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው እዚያው አገር ውስጥ በትንሽ ሞተር መለማመድ ይችላል። ውጭ አገር ግን አይነዳበትም።

«ትንሽ ሞተር ስለሆነ ፈቃድ አይጠየቅበትም» የሚለው ወሬም በጥንቃቄ መታየት አለበት። አንዳንድ ቦታ እውነት ነው። ቬትናም ውስጥ ከ50 ሲሲ የማይበልጥ ሞተር ያለ ፈቃድ ይነዳል። ችግሩ ለቱሪስት በብዛት የሚከራየው 110 ወይም 125 ሲሲ መሆኑ ነው። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም ተራ ስኩተር ናቸው። ልዩነቱ ያለው በኢንጂኑ መጠን ነው፤ እሱን ደግሞ የሚናገረው የሞተሩ የምዝገባ ወረቀት እንጂ አከራዩ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ነጻ አይደሉም። የእነሱ ምድብ የሚለየው በኪሎዋት ነው።

ዓለም አቀፉ ፈቃድና ሁለቱ ስምምነቶች

ቀጣዩ ጉዳይ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ የሚባለው ትንሽ ደብተር ነው። ብቻውን ፈቃድ አይደለም። የአገር ቤቱን ፈቃድ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚያስረዳ ሰነድ ነው። ዋናው ፈቃድ አብሮት ከሌለ ዋጋ የለውም። የሞተር ምድብ በዋናው ፈቃድ ላይ ከሌለም ደብተሩ አይፈጥረውም። ደብተሩ ውስጥ ለየምድቡ የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ ማኅተሙ የመኪናው ቦታ ላይ ብቻ ካረፈ ለሞተር አያገለግልም። ደብተሩ ሲሰጣችሁ እዚያው መስኮቱ ጋ ሳላችሁ ገልጣችሁ እዩት።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደብተሩ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በ1949 ጄኔቫ ላይ የተፈረመ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አለ። በ1968 ደግሞ ቪየና ላይ ሌላ ተፈረመ። አንዳንዱ አገር የመጀመሪያውን ብቻ ተቀብሏል፣ አንዳንዱ ሁለተኛውን፣ አንዳንዱ ሁለቱንም። በ1949ኙ መሠረት የሚሰጠው ደብተር ለ1 ዓመት ይቆያል። የ1968ቱ እስከ 3 ዓመት ሊሰጥ ይችላል፤ ዋናው ፈቃድ ከዚያ በፊት ጊዜው ካለፈበት ግን አብሮ ያበቃል።

ይህ የወረቀት ወግ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ለውጥ ያመጣል። ቬትናም የምትቀበለው የ1968ቱን ነው። አሜሪካና አውስትራሊያ ለዜጎቻቸው የሚሰጡት ደግሞ የ1949ኙን ነው። ስለዚህ አገሩ ላይ ሙሉ የሞተር ፈቃድ ያለው፣ ደብተሩንም በሥርዓት ያወጣ አሜሪካዊ ቬትናም ውስጥ 125 ሲሲ ሲነዳ ያለ ፈቃድ እየነዳ ነው። ጃፓን በተቃራኒው የ1949ኙን ብቻ ትቀበላለች። ጀርመኖች የያዙት ደብተር የ1968ቱ ስለሆነ እዚያ አይሠራላቸውም፤ የሚጠየቁት በጃፓን ሕግ የታወቀ የፈቃዳቸውን ትርጉም ነው። ዋናዋ ቻይና ደግሞ የትኛውንም ዓለም አቀፍ ደብተር አትቀበልም። እዚያ መንዳት የሚፈልግ የቻይናን ፈቃድ ማውጣት አለበት።

በኢንተርኔት ደብተር የሚሸጡትን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ ልስጥ። እውነተኛው ደብተር የሚሰጠው ዋናውን መንጃ ፈቃድ በሰጠው አገር ውስጥ፣ የዚያ አገር መንግሥት በወከለው አካል ነው። የሌላ አገር ድርጅት ፎቶና ገንዘብ ተቀብሎ በፖስታ የሚልከው የሚያምር ካርድ የትኛውም ስምምነት የማያውቀው ወረቀት ነው። «ለ10 ዓመት የሚያገለግል» ከሚል ሻጭ በተለይ ሽሹ፤ እንዲህ ያለ ደብተር በሁለቱም ስምምነቶች የለም።

ዕድሜና መኖሪያም ይቆጠራሉ። በ1968ቱ ስምምነት አገሮች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰውን ፈቃድ አለመቀበል ይችላሉ። ለጉብኝት ሳይሆን ለመኖር የሄደ ሰውን ፈቃድም የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። ጀርመን ነዋሪ ከሆናችሁ ከአውሮፓ ኅብረትና ከተባባሪዎቹ አገሮች ውጭ የወጣ ፈቃድ በመደበኛው 6 ወር ብቻ ያነዳችኋል። በብሪታንያ 12 ወር ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ሄደው ዓመታት የቆዩ ሰዎች «የአገሬ ፈቃድ ገና ጊዜው አላለፈም» እያሉ የሚነዱት ይህን ሳያውቁ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቀን አላለፈ ይሆናል። የአገሩ ሕግ የሰጣቸው ጊዜ ግን አልቋል።

ኢንሹራንሱ ሲጠፋ

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። ምክንያቱም ሰው የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው።

የጉዞ ኢንሹራንስ ስንገዛ «ሕክምና እስከዚህ ያህል ሺህ ዶላር» የሚለውን እናያለን። ውሉ ውስጥ ግን የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር አለ። ሞተር ሳይክል ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ እዚያ ውስጥ ይገኛል። አንዳንዱ ውል ሞተርን ጨርሶ አይሸፍንም። አንዳንዱ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። አንዳንዱ እስከ 50 ወይም እስከ 125 ሲሲ ብሎ ይገድባል። የሚሸፍኑትም ቢሆኑ ነጂው የጸና ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይፈልጋሉ፦ በአገር ቤት የሞተር ምድብ መኖሩን፣ በተጎበኘው አገርም ያ ፈቃድ ሕጋዊ መሆኑን። የቬትናሙን ምሳሌ እዚህ ላይ አስታውሱት። ያ አሜሪካዊ በአገሩ ብቁ ነጂ ነው፤ ኢንሹራንሱ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቆ ሊመልሰው ይችላል።

ሄልሜትም አለ። ያለ ሄልሜት ከተነዳ ክፍያው ሊቀር ይችላል። አልኮልም እንዲሁ። ቬትናም ከ2020 ጀምሮ ነጂ ደም ውስጥ ምንም ዓይነት አልኮል እንዲገኝ አትፈቅድም። አንድ ቢራ ሁለት በር ይዘጋል፤ የሕጉንም የኢንሹራንሱንም።

«እንዴት ያውቃሉ?» የሚል ይኖራል። ያውቃሉ። የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ መጀመሪያ ከሚጠየቁት ሰነዶች መካከል የመንጃ ፈቃዱ ቅጂ ይገኝበታል። የፖሊስ ሪፖርት ይጠየቃል። የሆስፒታሉ መዝገብ «ሞተር ሲነዳ ወድቆ» ይላል። የኪራይ ውሉ ላይ የሞተሩ መጠን ተጽፏል። ሌላ ሰው ነበር የሚነዳው ብሎ መዋሸት ደግሞ በጉዳት ላይ ማጭበርበርን መጨመር ነው። ሊገኝ የነበረውንም ያሳጣል።

እስቲ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። አንድ ተጓዥ ጠጠር ላይ ተንሸራቶ የጭኑ አጥንት ተሰበረ እንበል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ብዙ የግል ሆስፒታሎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ወይ ከኢንሹራንስ ኩባንያው የክፍያ ማረጋገጫ ይፈልጋሉ፣ ወይ ማስያዣ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ኩባንያው ፈቃዱን ይጠይቃል። ፈቃዱ የመኪና ነው። ማረጋገጫው ይቀራል። ሰውየው አልጋ ላይ ሆኖ ቤተሰቡን ገንዘብ ይለምናል። በሌላ አህጉር ያለ ቤተሰብ በሌሊት ተጠርቶ፣ ሳይዘጋጅ፣ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ዶላር ፈልግ ይባላል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

ወደ አገር መመለሱ ደግሞ የራሱ ወጪ አለው። መቀመጥ የማይችል በሽተኛ በመደበኛ አውሮፕላን ሲሄድ አልጋው የብዙ መቀመጫ ቦታ ይይዛል፤ የሁሉም ቲኬት ይከፈላል። የሚያጅበው ሐኪም ወይም ነርስ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ የሕክምና አውሮፕላን ይከራያል፤ ረጅም በረራ ከሆነ ሒሳቡ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊወጣ ይችላል። ሰው ከሞተም አስከሬን የመመለሱ ወጪ በዚያው ውል ውስጥ ስለሚገባ አብሮ ሊከለከል ይችላል። ይህን ለመጻፍም ደስ አይልም። ግን ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ አስከሬን ለማምጣት ገንዘብ ሲያሰባስብ ማየት ከዚህም የከፋ ነው።

ሌላም አለ፤ ፈቃድ ያላቸውም ይሳሳቱበታል። የጉዞ ኢንሹራንስ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍል ክፍል አለው። ያ ክፍል ግን በሞተር ኃይል የሚሄድ ተሽከርካሪ እየነዳችሁ ያደረሳችሁትን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ፈቃድ ቢኖራችሁም። ሰው ብትገጩ መሸፈን ያለበት የሞተሩ የራሱ ኢንሹራንስ ነው።

ሌላ ሰው ሲጎዳ

በብዙ አገሮች እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የኪራይ ሞተሩ ይህ ሊኖረው ይችላል። ጊዜው አልፎበትም ሊሆን ይችላል። ቢኖረውም ለተጎጂ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ዝቅተኛ የሆነባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። የቀረው ከነጂው ኪስ ይወጣል።

ነጂው ፈቃድ ከሌለው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኩባንያው ለተጎጂው ይከፍልና ዞሮ ገንዘቡን ከነጂው ይጠይቃል። ይህ በብዙ አገሮች ሕግ የታወቀ መብት ነው። ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለው» የተባለው ሞተር ተጎጂውን ሲጠብቅ እናንተን ላይጠብቃችሁ ይችላል። እርግጥ ተጎጂው መካሱ ተገቢ ነው። ሥራውን የሚያጣው፣ እግሩን የሚያጣው እሱ ነው። ግን ዕዳው ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በወንጀልም መጠየቅ አለ። ሰው ከቆሰለ ወይም ከሞተ ፖሊስ ምርመራ ይከፍታል። ጥፋቱ የሌላው ሰው ቢሆንም እንኳ የፈቃድ አለመኖር የነጂውን ቦታ ያበላሸዋል። «መጀመሪያውኑ መንገድ ላይ መገኘት አልነበረበትም» የሚል ክርክር ይነሣበታል። በአንዳንድ አገሮች ጉዳዩ እስኪያልቅ ወይም ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር ስምምነት እስኪደረስ ፓስፖርት ይያዛል፣ ከአገር መውጣት ይከለከላል። የበረራው ቀን ያልፋል። ቪዛው ያልቃል። አገር ቤት ሥራው የሚጠብቀው ሰው አለ።

ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያድነኛል ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። ቆንስላ የጠበቆች ዝርዝር ይሰጣል፣ ለቤተሰብ ያሳውቃል፣ እስር ቤት ይጠይቃል። ከእስር አያስፈታም። በአገሩ ፍርድ ቤት ሥራ ውስጥ አይገባም። የሆስፒታል ሒሳብም አይከፍልም።

አከራዩና ፓስፖርቱ

ብዙ አከራዮች ፓስፖርት ማስያዣ ይጠይቃሉ። አትስጡ። የብሪታንያ መንግሥት ወደ ታይላንድ ለሚሄዱ ዜጎቹ በሚያወጣው የጉዞ ምክር ይህንኑ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፓስፖርቱ እሱ እጅ ላይ ካለ በጭረት ዋጋ የምትከራከሩት እጃችሁ ታስሮ ነው። «ይህን ያህል ካልከፈልክ አልሰጥም» ቢል፣ ነገ በረራ ያለው ሰው ይከፍላል። ያለ ፈቃድ የነዳ ሰው ደግሞ ፖሊስ ጋ ሄዶ ለመክሰስ ይፈራል። አከራዩም ይህን ያውቃል። ያለ ፈቃድ መንዳት ሰውን ሲበደል እንኳ አቤት ለማለት የማይችል ያደርገዋል።

አከራዩ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» ካለ ወረቀቱን ጠይቁ። አንዳንዴ ያ ኢንሹራንስ የአከራዩ የቃል ተስፋ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ኩባንያ የለም። ሞተሩ ከተሰረቀ ሙሉ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ ተከራዩ ነው። ሞተሩን ከመውሰዳችሁ በፊት ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ። ጭረቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ፍሬቻውን፣ ጎማውን፣ ማርሚታውን።

ፖሊስና ቅጣት

ስለ ቅጣቱ ብዙ አልልም። መጠኑ ከአገር አገር ይለያያል፣ በየጊዜውም ይለወጣል። ቬትናም ከጥር 2025 ጀምሮ የትራፊክ ቅጣቶቿን በብዙ እጥፍ ከፍ አድርጋለች። በኢንዶኔዢያዋ ባሊ ደሴት በ2023 የውጭ ዜጎች ያለ ሄልሜትና ያለ ፈቃድ ሲነዱ በተደጋጋሚ በመታየታቸው፣ የወቅቱ አስተዳዳሪ ዋያን ኮስተር ቱሪስቶች ሞተር እንዳይከራዩ የሚያግድ ሐሳብ እስከ ማቅረብ ደርሰው ነበር። ያኔ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ፖሊስ ዛሬ ላያልፍ ይችላል።

አንድ ነገር ግን መነገር አለበት። «ቅጣቱን ከፍዬ ደረሰኝ ስለያዝኩ ዛሬን መንዳት እችላለሁ» የሚሉ አሉ። ደረሰኙ ለተሠራው ጥፋት መከፈሉን ያሳያል እንጂ የመንዳት መብት አይሰጥም። ከኬላው መቶ ሜትር ርቃችሁ ብትወድቁ ኢንሹራንሱ ፊት ያው ያለ ፈቃድ የነዳችሁ ናችሁ። እንዲያውም ደረሰኙ ፈቃድ እንደሌላችሁ ማስረጃ ይሆናል።

ፈቃዱ የሚለካው ችሎታ

እስካሁን ስለ ወረቀት አወራን። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ነገር ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከአምስት አንድ ገደማ የሚሆኑት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው።

ማርሽ የሌለው ስኩተር ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ እጅን ማዞር ብቻ ነው። አደጋው ያለው እዚያው ነው። ጀማሪ ሲደነግጥ መሪውን ጨምድዶ ይይዛል። ነዳጅ የሚሰጠው በዚያው በቀኝ እጅ ስለሆነ ሞተሩ ለማቆም በፈለገበት ሰዓት ይወነጨፋል። ፍሬንም እንዲሁ ነው። ሞተርን በብዛት የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው፤ ግን አሸዋ ላይ ወይም እርጥብ የመንገድ ቀለም ላይ በድንገት ሲጨበጥ የፊት ጎማው ይንሸራተትና ነጂው መሬት ላይ ነው። የፈቃድ ሥልጠና የሚያስተምረው ይህን ነው። ድንገተኛ ማቆምን፣ ኩርባን፣ ጭነት ሲኖር ሚዛን መጠበቅን። በዚያ ላይ በታይላንድ፣ በኢንዶኔዢያና በጃፓን ተሽከርካሪ የሚሄደው በግራ በኩል ነው። በቀኝ መንዳት ለለመደ ሰው አደባባይ ላይ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ነው።

ሄልሜትን በተመለከተ መረጃው አያከራክርም። በ2008 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የገመገመ ሥራ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የሚሠራው ማሰሪያው ከተቆለፈ ነው። አከራዩ የሚሰጠው ራስ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ልክ የሆነ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ። ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም ይታሰብ። ፈቃድ ከሌለው ጓደኛው ጋር የተሳፈረ ሰው ቢጎዳ የራሱ ኢንሹራንስ ሊከለክለው ይችላል። አንዳንድ ውሎች ነጂው ፈቃድ ያለው መሆኑን ለተሳፋሪም ቅድመ ሁኔታ ያደርጋሉ። ስለዚህ ጓደኛችሁን «ውጣ፣ እንሂድ» ከማለታችሁ በፊት ንገሩት። ወስኖ ይሂድ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሞተር የመንዳት ሐሳብ ካለ ሥራው የሚጀምረው ከጉዞው ወራት በፊት ነው። የሞተር ምድብ በአገር ቤት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሥልጠናና ፈተና ስላለው በመጨረሻው ሳምንት አይሆንም። ከዚያ የምትሄዱበት አገር የትኛውን ስምምነት እንደሚቀበል በዚያ አገር ኤምባሲ ወይም በትራፊክ ባለሥልጣኑ በኩል አረጋግጡ። የአገራችሁ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ደብተር የትኛው እንደሆነም ጠይቁ። ሁለቱ ካልገጠሙ ለመቆያው ጊዜ የዚያን አገር ፈቃድ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። ረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሰው ይህ ከሁሉም የተሻለ መንገድ ነው።

ለኢንሹራንስ ኩባንያው በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ጥያቄውም ግልጽ ይሁን፦ «በዚህ አገር፣ 125 ሲሲ ሞተር፣ በዚህ ዓይነት ፈቃድ ብነዳ ሕክምናዬን ትሸፍናላችሁ?» መልሱን አስቀምጡት። «ሞተር ይሸፈናል» የሚል አጠቃላይ መልስ አይበቃም።

ፈቃዱ ከሌላችሁና ጉዞው ከደረሰ ሞተሩን ተዉት። ይህን ስል ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን ሌላ አማራጭ አለ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ እንደ ግራብና ጎጄክ ባሉ መተግበሪያዎች የሞተር ታክሲ መጥራት ይቻላል። ነጂው የአገሩን መንገድ ያውቃል፣ ፈቃድም አለው። ራቅ ላለ ጉዞ መኪና ከነሹፌሩ መከራየት ለብዙ ሰው ሲካፈሉት ከሚገመተው በታች ነው። ኢንሹራንሳችሁ የሞተር ታክሲ ተሳፋሪነትን ይሸፍን እንደሆነ ግን እሱንም እዩ።

ያለ ፈቃድ ነድታችሁ አደጋ ከደረሰም የሚደረግ ነገር አለ። ከቦታው አትሽሹ፤ መሸሽ በራሱ ከባድ ወንጀል ነው። የተጎዳውን እርዱ፣ አምቡላንስና ፖሊስ ጥሩ። በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቆንስላችሁ ጋ ደውሉና የጠበቃ ዝርዝር ተቀበሉ። ለኢንሹራንስ ኩባንያውም ቶሎ አሳውቁ፣ እውነቱን ተናገሩ። ሞተሩን ባይሸፍን እንኳ ከአደጋው ጋር ያልተያያዘ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የጠፋ ሻንጣ፣ ሊከፍል ይችላል። ክፍያ ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ አስጽፉት። ኩባንያው ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ ለመጠየቅም ሆነ ለአገራችሁ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አቤት ለማለት ያ ደብዳቤና የፖሊስ ሪፖርቱ ቅጂ ያስፈልጋችኋል።